ይድረስ ለአይጠየፉ ስልክ

ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ሆጤ፣ በሰው እጅ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅለው ለሚውሉት ስልክ፤
ደሴ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጠባይዎ «አንተ» የሚያሰኝ ቢሆንም የወሎ ሰዎች ነንና አንቱ እንልዎታለን።

ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ከተማ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ድኻ ሀብታም ሳይል ሁሉንም ስላስተናገደ ነው። አንቱም አይጠየፉም፤ ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ወረፋውም፣ የጎረቤት ጠቡም ይስማማዎታል። እዚያ አዳራሽ ሰው ይበላ ነበር፤ አንቱም ዘንድ ሰው ይበላል። ልዩነቱ ቃሉን ማጥበቅ ብቻ ነው።

ሰርግ ላይ መገኘትዎን የሚጠላ የለም። ሙሽሮቹን ትተው ጉርሻ ለመቀበል አፋቸውን የከፈቱ እናት ፊት ምን ያስቆምዎታል? ለቅሶ ድንኳን ውስጥስ ሐዘንተኛዋን ዙም ማድረግ የማን ወግ ነው? ለዱዓ በምንሰበሰብበት ወዳጃ ላይ እንኳ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ገና «አሚን» ሳይባል «ላይቭ ገብተናል» የሚል ድምፅ ከጥግ ይሰማል። ቡናው ጀባ የተባለው እኮ ለተቀመጠው ሰው ነበር።

ሲወቀሱ መልስዎ አንድ ነው፤ «እሱ እኮ የታወቀ ሰው ነው!» እውነትም ሕጉ ትንሽ ቀዳዳ ትቶልዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ የሰውየው ዝና ወይም ሥልጣን፣ ወይም የነገሩ በአደባባይ መደረግ ምክንያት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። አንቱ ከሁለቱ 28ን ብቻ ሸምድደዋል። ድምፃዊው መድረክ ላይ ሲዘፍን ይቅረጹት፤ የወጣውም ለዚሁ ነው። ፋርማሲ ቆሞ የእናቱን መድኃኒት ሲገዛ ግን ዝናው ምን አገባው? እኛ ሕጉን የምናነበው እንዲህ ነው። ቁጥር 29ን ደግሞ ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ባለ ምስሉ ማሳየቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ከምስሉ ያገኙትን ጥቅም የሚያህል ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። በቲክቶክ ላይቭ የተላከልዎት የአንበሳ ስጦታ ሳይቀር ሊቆጠር ነው።

የደሴ ተዳፋትማ ለአንቱ ተብሎ የተቆረሰ ይመስላል። የላይኛው ቤት በረንዳ ከታችኛው ግቢ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ከአጥሩ 4 ሜትር ቢርቅ፣ ባለ 2 ሜትሩ አጥር የሚሸፍነው ሥሩ ተለጥፎ የቆመን ሰው ብቻ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ካለ ራሱ ይታያል። አጥሩን በቆርቆሮ 3 ሜትር ማድረስ የሚጨምረው 1 ሜትር ያህል መደበቂያ ነው፤ የጎረቤት ኩርፊያ ምርቃት ነው። ዓይኑ ከላይ ሲመጣ መከለያውም ከላይ ይሁን፤ ከቧንቧውና ከልብስ ማጠቢያው በላይ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጥላ፣ አብዛኛው ወደ ላይኛው ቤት ገፋ ብሎ፣ ውኃው ወደ ራስ ግቢ እንዲወርድ ተዘንብሎ ይመታል። መስኮት ላይ ያለው ስስ መጋረጃም ቀን ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ውጭው ከውስጥ ስለሚበራ። ማታ አምፖል ሲበራ ነገሩ ይገለበጥና ሳሎኑ ሲኒማ ይሆናል። ወፍራሙ መጋረጃ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ሱቅ ግድግዳ ላይ በማርከር የተጻፈችው የግል ስልክ ቁጥር ናት። በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ መስሎ ቁጥሯን ያስገባ ሁሉ የባለ ሱቋን ስም ያያል፤ ከዚያ ሳንቲም ሳይልክ ይወጣል። ያንኑ ቁጥር ስልኩ ላይ መዝግቦ ቴሌግራም ሲከፍት ፎቶዋ ይመጣለታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «ሰላም ቆንጆ» የምትለዋ መልእክት በዚህ በር ነው የምትገባው። የነጋዴ አጭር ቁጥር ወይም ኪውአር ያወጣች ሴት የግሏን ቁጥር ከግድግዳው መፋቅ ትችላለች። ቴሌግራሙ ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር ገብታ «ኖባዲ»ን ትምረጥ። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ተገላገልኩ ይላል፤ አልተገላገለም። «ኖባዲ» ሲመረጥ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ቁጥርሽን የያዘ ማን ያግኝሽ የሚል። እሱም «ማይ ኮንታክትስ» ላይ ካልሆነ የፊተኛው ቁልፍ በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መተው ነው።

ፌስቡክ ላይ የታግ ማጽደቂያውን ማብራት ደግ ነው፤ ሆኖም ፎቶው ከራስ ገጽ ይቀራል እንጂ ከለጠፈው ሰው ገጽ አይነሳም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ በ«ፋይል» መልክ ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ፣ ካሜራው ከመዘገበው፣ አብሮ ይሄዳል፤ በተራ ፎቶነት ሲላክ ይቀራል። ደሴ ላይ ግን ለዚህም ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ከጀርባ የጦሳ ተራራ በየት በኩል እንዳዘነበለ አይቶ ሰፈሩን የሚናገር ሰው ሞልቷል። የግቢ በር ቀለምና የጎረቤት ሱቅ ታፔላም ይከረከሙ።

«አጥፍቼዋለሁ» የምትለዋንም ቃልዎን እናውቃታለን። አይፎን ላይ የጠፋ ፎቶ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» ውስጥ 30 ቀን ያህል ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ አጥፋ ያለ ሰው እዚያም ገብቶ ሲጠፋ ቆሞ ይይ፤ ይሉኝታ የሚይዘን እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የሚቀለው አስቀድሞ መናገር ነው። የሰርጉ ባለቤት ምግብ ከመነሳቱ በፊት ማይኩን ይዞ «ሙሽሮቹን አንሱ፤ የሚበላ ሰውና ሕፃን ግን አታንሱብን» ቢል ማንም አይቀየምም። ከተለጠፈ በኋላ ሲነገር ጠብ ይሆናል።

ለማንኛውም የፊታችን እሑድ ቡና አለ፤ ይምጡ። ከአቦል እስከ በረካ ረከቦቱ አጠገብ ያርፋሉ። በግንባርዎ እንዳይደፉ ብቻ አደራ፤ ካሜራዎ ከጀርባ ነውና ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ይውላሉ። በጀርባዎ ይተኙ።

አክባሪዎችዎ፣
ፎቶው ላይ በስተግራ ጥግ ግማሽ ፊታቸው የወጣው