ኦስፕሬይ ለእኛ ከፍታ አይሆንም

የጦር አውሮፕላን ወሬ በተነሳበት የፒያሳ ካፌ ሁሉ የአሜሪካው ቪ-22 ኦስፕሬይ የማይቀር ስም ሆኗል። እንደ ሄሊኮፕተር ሽቅብ ይነሳል፤ ከዚያ በክንፎቹ ጫፍ ያሉትን ሞተሮች ወደ ፊት አጋድሞ እንደ አውሮፕላን በሰዓት እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይበርራል። 24 ወታደሮችን ይጭናል። ተራራና ገደል ለበዛበት ሀገር ከዚህ የተሻለ አይገኝም፣ አየር ኃይላችን ሊያስብበት ይገባል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሰዓታት በምትጓዝበት ሀገር ፍጥነት ነፍስ ነው። ሐሳባቸውን ግን አልቀበልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። ኦስፕሬይ ሮተሮቹ (ሽቅብ የሚያነሱት ተሽከርካሪ ክንፎቹ) ወደ ፊት ለመብረርም ስለሚያገለግሉ አጠር ተደርገው ነው የተሠሩት፤ የአንዱ ስፋት 11.6 ሜትር ነው። የቺኑክ ሄሊኮፕተር 18.3 ሜትር ነው። አጭር ሮተር ከባድ አካል ለማንሳት አየሩን በብርቱ ኃይል ወደ ታች መግፋት አለበት፤ በሳሳ አየር ላይ ደግሞ ወይ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይ ተንደርድሮ ይነሳል። መንደርደሪያ ከፈለገማ ምኑን ኦስፕሬይ ሆነ?

ያ ወደ ታች የሚገፋው ንፋስም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በሚገኝ መናፈሻ ለትርኢት ሲያርፍ የዛፍ ቅርንጫፎችን ገንጥሎ 10 ተመልካቾችን ጎድቷል። ቁስለኛ ይዞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ቢያርፍ ብላችሁ አስቡት፤ ዙሪያውን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሸራ ጥላ፣ ሰው የሞላበት መንገድ ነው።

የተዋጣለት ሥራ እንዳለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ሊቢያ ውስጥ አውሮፕላኑ የወደቀበትን አሜሪካዊ አብራሪ ፈጥኖ ያወጣው እሱ ነው። ከእኛ ድንበር ብዙ በማይርቀው የደቡብ ሱዳን ከተማ ቦር ግን ሌላ ነገር ታየ። በዲሴምበር 2013 ሦስት የአሜሪካ ኦስፕሬዮች አሜሪካውያንን ከዚያ ሊያወጡ ሲቃረቡ ተኩስ ጠበቃቸው፤ አራት ሰዎች ቆሰሉ፣ ሳያርፉ ወደ ኡጋንዳዋ ኢንቴቤ አቀኑ። ፍጥነቱ የሚጠብቀው መንገድ ላይ ነው። ሊያርፍ ሞተሮቹን ሲያቀና ዝግ ያለ ትልቅ ዒላማ ይሆናል። ስለዚህ ወታደር ተኩስ ወዳለበት ማራገፍ የሱ ሥራ አይመስለኝም።

ጥገናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በኖቬምበር 2023 ጃፓን፣ ያኩሺማ ደሴት አጠገብ ወድቆ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ መነሻው የማርሽ ሳጥኑ ውስጥ የተሰነጠቀ ማርሽ ነበር። አሜሪካ የኦስፕሬይ በረራዋን በሙሉ ለሦስት ወር አቆመች። ከአሜሪካ ውጪ የገዛችው ጃፓን ብቻ ናት፤ እሷም 17 ብቻ።

በኤፕሪል 2023 አሜሪካውያን የካርቱም ኤምባሲ ሠራተኞቻቸውን ሲያወጡ ከጅቡቲ ተነስተው፣ እኛ ሀገር ነዳጅ ሞልተው የሄዱት በቺኑክ ነበር። ኦስፕሬይ የነበራቸው እነሱ ያንን ከመረጡ፣ አየር ኃይላችን የሚያውቃቸውን የሚ-17 ሄሊኮፕተሮች ለቁስለኛና ለወላድ ማዘጋጀት ይቀድማል። ኦስፕሬይ ይገዛ የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ በቀትር ስንት ቁስለኛ ይዞ ሽቅብ እንደሚነሳ በቁጥር ያሳየን።