ዶፓሚንን በአባታችሁ እጅ ላይ እዩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ዶፓሚን የሚለው ስም ከአፋችሁ አይጠፋም፤ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው። ካፌ ውስጥ ታወሩታላችሁ፣ ጂም ውስጥ ታነሡታላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ፊታችሁን በመብራት አሳምራችሁ ትሰብኩበታላችሁ። ሌሊቱን ስልክ ላይ ያነጋው ልጅ «ዶፓሚን ነው» ይላል። ደሞዙን በቤቲንግ የጨረሰው ጎረምሳም «ዶፓሚን ነው» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ያስጠላው «ዶፓሚኔ ወርዷል» ይላል። እዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ አባት አሉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ፈተና ሆኖባቸዋል። አርፈው በተቀመጡበት አንድ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲራመዱ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ክንዳቸው አይወዛወዝም። ምን ሆነው ነው ሲባል መልሳችሁ ዝግጁ ነው፦ «እርጅና ነዋ!»

ዶፓሚኑ የወረደው ምናልባት የእሳቸው ነው። የእናንተ ደህና ነው።

እጁ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ፓርኪንሰን (ዶፓሚን የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች የሚሞቱበት በሽታ) ይዞታል እያልኩ አይደለም። የእንቅርት ሕመም እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አንዳንድ መድኃኒትም ያንቀጠቅጣል። የሚለየው ሐኪም ነው። ቁጣዬ ሐኪም ደጃፍ ሳያደርስ ፋይሉን በሚዘጋው ሰው ላይ ነው። ፊታቸው እንደ ድሮው ስለማይፈታ «ኩራተኛ ሆኑ» ትሏቸዋላችሁ። ድምፃቸው ስለሳሳ «ምን ያጉረመርማሉ» ትላላችሁ። ገጠር ስንሄድ ደግሞ መተት ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። ሁሉም መልስ አለው፤ ቀጠሮ የሚያስይዝ ግን የለም።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሴሎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱት አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። ሥራቸው ግን ሰፊ ነው። እጃችን ስናዘው ወዲያው እንዲነሳ፣ እርምጃችን እንዲቃና፣ ነገ የሚገኝ ነገር ዛሬ እንዲያነሳሳን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ፓርኪንሰን የሚገድለው በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ለዓይን ጠቆር ብሎ በሚታይ ትንሽ ቦታ ላይ ያሉትን ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእነሱ ብዙዎቹ ሞተዋል። ምልክት ግን ከዚያ በፊትም ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ቡና እየተቆላ ጭሱ የማይሸታቸው፣ የሆድ ድርቀት የማይለቃቸው፣ ተኝተው በሕልማቸው የሚማቱና የሚራገጡ፣ የእጅ ጽሑፋቸው እያነሰ እያነሰ የመጣ ሰዎችን አስተውሉ። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሲደራረብ ግን መታየት አለበት።

አሁን ወደዚያ «ዶፓሚን ዲቶክስ» ወደምትሉት ነገር ልምጣ፤ ስልክና መዝናኛ ለጥቂት ቀን ትታችሁ «አንጎሌን ከዶፓሚን አጠብኩ» ወደምትሉበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አርቪድ ካርልሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ለጥንቸሎች ሬዘርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጠ። ሬዘርፒን በአንጎል የተከማቸውን ዶፓሚን ያራግፋል። ጥንቸሎቹ ባሉበት ቀሩ። አይሮጡም፣ አይበሉም፣ ጆሯቸው ወድቋል። ከዚያ ሌቮዶፓ ወጋቸው። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚሆን ንጥረ ነገር ነው። ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ካርልሰን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ተሸለመ። እንግዲህ ዶፓሚን የወጣለት ፍጡር ይህን ይመስላል። ቅዳሜና እሑድ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ብትውሉ መልካም አደረጋችሁ፤ እኔም እመክራለሁ። ግን ስልክ አጠፋሁ በሉ። ከአንጎላችሁ የታጠበ ነገር የለም።

ካርልሰን በጥንቸል ያየውን ኦሌህ ሆርኒኪየቪች የተባለ ተመራማሪ ቪየና ውስጥ በሰው አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1960 በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ እጅግ ማነሱን አሳየ። በዓመቱ ከሐኪሙ ቫልተር ቢርክማየር ጋር ሆኖ ሌቮዶፓ ለሕሙማን በመርፌ ሰጠ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ለጥቂት ሰዓት ተነሥተው ሄዱ። ዛሬም የዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው። አያድንም፤ ግን ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል። ስልሳ ዓመት ያለፈው መድኃኒት እያለ «እርጅና ነው» ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ግፍ ነው።

ይህ ሌቮዶፓ ከየት የተገኘ ይመስላችኋል? ከባቄላ! ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1913 ከባቄላ ለይቶ አወጣው። ምን እንደሚያደርግ ለማየትም 2.5 ግራም ራሱ ላይ ሞከረና አስመለሰው። (ያላወቁትን መዋጥ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም ማለት ነው።) ይህን ስጽፍ የሚነሣው ሰው ይታየኛል፦ «እንግዲያው ኪኒኑን ይተዉና እሸት ባቄላ ይብሉ!» እባካችሁ ተዉ። በአንድ ጭብጥ ባቄላ ውስጥ ምን ያህል ሌቮዶፓ እንዳለ ማንም በዓይኑ ለክቶ አይነግራችሁም፤ እንደ ዘሩና እንደ ብስለቱ ይለያያል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው «ዶፓሚን ጨማሪ» ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ዶፓሚንም ለልብና ለደም ሥር ነው፤ የወረደ የደም ግፊት ለማንሣት ይሰጣል። ደስታ አይጨምርም።

ኪኒኑ ቤት ከገባ በኋላስ? እዚህም ጥፋታችን ብዙ ነው። ሌቮዶፓ ሰዓት ይወዳል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ቢወሰድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፕሮቲን ይሻማዋል። ሥጋና እንቁላል ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን አላቸው። «ዛሬ ኪኒኑ አልሠራም» የሚባለው አንዳንዴ ከምሳ ላይ ስለተዋጠ ነው። አባታችሁ ጾመኛ ከሆኑ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ተመካከሩ። ረመዳንም ሲቃረብ እንዲሁ። ጠበል ውሰዷቸው፤ የከለከላችሁ የለም። ኪኒናቸውን ግን ይዛችሁላቸው ሂዱ። ይህን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ሰውነትን ግትር አድርጎ፣ ከባድ ትኩሳት አምጥቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። «እስቲ ለሁለት ሳምንት ተዉትና እንየው» የምትል ጎረቤት ቤት ውስጥ ካለች፣ ቡናዋን ጠጥታ ትሂድ።

ዶፓሚን የሚጎዳው ሲያንስ ብቻም አይደለም። በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ሥራው ከልክ ሲያልፍ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ያለ ምክንያት ተከታተሉኝ ይላል። ለዚህ የሚሰጡት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋሉ። ሲዘጉ ደግሞ ታማሚው ልጅ ይዘገያል፣ ይገተራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ቤተሰብ «አፈዘዙብን» ብሎ ኪኒኑን ይደብቃል። በወሩ ልጁ ተመልሶ ይታመምና ጩኸቱ ሰፈር ይሰማል። ከመደበቃችሁ በፊት ለምን ሐኪሙን አትጠይቁም? መጠኑ ይቀነሳል፣ መድኃኒቱም ይቀየራል። መላ ያለው ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ዶፓሚን ጡት ውስጥ ወተት የሚያስመርተውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይገታል። መድኃኒቱ ዶፓሚንን ሲዘጋ ፕሮላክቲን ይለቀቃል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ሳታረግዝ የወር አበባዋ ሊቀር፣ ጡቷም ወተት ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ የሚከተለውን ታውቁታላችሁ። አክስት ታንሾካሹካለች፣ ወንድም ይገላምጣል፣ እናት «ከማን ነው?» ብላ ታስጨንቃለች። ልጅቷ በበሽታዋ ላይ ሌላ በሽታ ይጨመርባታል። እርግዝና መኖር አለመኖሩን የሚለይ ምርመራ አለ፤ ከዚያ ያለፈው ለሐኪም የሚነገር የመድኃኒት ጠባይ ነው። ስሟን ከማጥፋታችሁ በፊት የኪኒኗን ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ።

ፕላሲልንም ላንሣ። ለማቅለሽለሽ ከየፋርማሲው የምትገዙት ፕላሲል የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋል። ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ያባብስበታል። ጤነኛ ወጣት ላይም አልፎ አልፎ አንገት ይጠማዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። የሚያይ ሰው ሰይጣን ያዘው ይላል። ጤና ጣቢያ ቢወሰድ በአንድ መርፌ በደቂቃዎች የሚፈታ ነገር ነው። ምን እንደዋጠ ግን ንገሯቸው።

ወደ ስልካችሁና ወደ ቲኬታችሁ ልመለስ፤ ያመለጣችሁ አይምሰላችሁ። «የደስታ ሆርሞን» የምትሉት ዶፓሚን ደስታን አይሰጥም። ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲደረግላቸው እንደ ድሮው ጣፍጧቸው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ምግቡ አጠገባቸው እያለ ግን ሄደው አይበሉም፤ ካልመገቧቸው ይሞታሉ። ማጣጣሙ አለ፣ መፈለጉ ጠፍቷል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ የጦጣዎችን ዶፓሚን ሴሎች አዳመጠ። ጭማቂ ሳይታሰብ ሲመጣ ይነቃሉ። መምጣቱን መብራት ከነገራቸው በኋላ የሚነቁት ለመብራቱ ነው፤ ለጭማቂው ግድ የላቸውም። የተጠበቀው ሲቀር ዝም ይላሉ። ይመጣል አይመጣም ግማሽ በግማሽ ሲሆን ደግሞ ጥበቃው ራሱ ያነቃቃቸዋል።

አንድ ጨዋታ የቀረው ቲኬት የያዘ ሰው ይህን ያለ እኔ ማብራሪያ ያውቀዋል። ቤቲንግ ቤቱ የሚሸጥላችሁ ያንን ጥበቃ ነው። ገንዘቡ ሲመጣም ደስታው ይተናል፤ ሌላ ቲኬት ትቆርጣላችሁ። ጫቱም ከዚህ አይርቅም። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከማከማቻው ገፍቶ ያስወጣል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይደክማል፤ ጫት በየቀኑ ትኩስ ካልሆነ የሚባለው ለዚህ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ በማግስቱ ሀራራው ይጠራል። እሱን በጨብሲ ልስበር ማለት ሌላ ዕዳ ነው። አንጎላችሁ እንዲህ መሠራቱ እውነት ነው። ይህን እያወቁ ቲኬት መቁረጥ ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ የበላው ዶፓሚን አይደለም።

አንድ የማዝንለት ቁማርተኛ ግን አለ። ለፓርኪንሰን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፕራሚፔክሶል፣ የዶፓሚንን መቀበያ በቀጥታ ያነቃቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ከባድ የቁማር ሱስ የያዛቸውን 11 የፓርኪንሰን ሕሙማን ታሪክ አወጡ። ከእነሱ 9ኙ ፕራሚፔክሶል ይወስዱ ነበር። ብዙዎቹ መድኃኒቱ ሲቀነስላቸው ወይም ሲቆምላቸው ቁማሩን ተዉ። ስለዚህ አሜሪካና አውሮፓ ወላጆቻችሁን ወስዳችሁ የምታሳክሙ ልጆች፣ ዕድሜ ልካቸውን ቆጣቢ የነበሩ አባታችሁ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሎተሪ ማሳደድ፣ ገንዘብ መበተን፣ ያለ ልክ መግዛት ከጀመሩ «በስተርጅና አበዱ» ብላችሁ አታዋርዷቸው። ለሐኪማቸው ደውሉ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እጅ አታቋርጡት።

አገር ቤት ላሉት በሻንጣ መድኃኒት የምትልኩም ስሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ በአንድ ላይ የተሠራው ኪኒን 25/100 የሚልም 25/250 የሚልም አለ። ሁለተኛው ቁጥር የሌቮዶፓው መጠን ነው፤ ተቀያይሮ ቢዋጥ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውም ዓይነት አለ፤ እሱ አይፈጭም፣ አይታኘክም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እህታችሁ፣ አባታችሁ የሚወስዱትን ኪኒን ሳጥን ከነቁጥሩ ፎቶ አንሥታ ትላክላችሁ።