ክርክር፦ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ወደ ሙያ ማኅበር የተማሪዎች ቅርንጫፍ ይግባ?

ተከራካሪዎቹ አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሕንፃ የሚያሠሩ የሳይት መሐንዲስ ናቸው።

ተማሪዋ፦ እ.ኤ.አ. በ1852 የተመሠረተው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ለተማሪ አባልነትን በነጻ ስለሚሰጥ፣ ወጪን ሰበብ አድርጎ መቅረት አያስኬድም። ቅርንጫፉ ተማሪውን ከሙያው ሰዎች ጋር ያገናኘዋል፣ ሪፖርት መጻፍንና ስብሰባ መምራትን ያለማምደዋል፤ አባልነቱም የሥራ በር ይከፍታል።

መሐንዲሱ፦ የትኛውን በር? እኔ ዘንድ ሥራ ፈልጎ የሚመጣ ልጅ የሚጠየቀው ስለ ስላምፕ ቴስት፣ እርጥብ ኮንክሪት መቅጠን መወፈሩ ስለሚለካበት ሙከራ ነው፤ የሙከራውን ሾጣጣ ቅርጽ ኮንክሪት በሦስት ንብርብር ሞልቶ እያንዳንዱን በብረት ዘንግ 25 ጊዜ የሚወጋ፣ ፎርማኑ ዘወር ሲል ሚክሰሩ ላይ ውሃ የሚጨምረውን ሠራተኛ የሚያስቆም ከሆነ ይበቃኛል። ያ ማኅበር ግን ተማሪዎችን በኮንክሪት ታንኳ ያወዳድራል። መረሬው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በክረምት አብጦ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ወለል በሚያናጋበት ሰፈር ታንኳ ምን ሊረባን ነው፣ ልጄ?

ተማሪዋ፦ ለክርክር የተጋበዝሁት እንደ እርስዎ ነውና «ልጄ» ይቅርብኝ። ታንኳው ቀላልም ጠንካራም እንዲሆን ተማሪው ቅይጡን ራሱ ነድፎ፣ ናሙናውን አስጨፍልቆ፣ ካልሆነለት እንደገና ይነድፋል። የስምጥ ሸለቆ ፑሚስ፣ ያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አጠገባችን እያለ ቀላል ኮንክሪትን ከመጽሐፍ ብቻ መማራችን አይቆጭዎትም?

መሐንዲሱ፦ እኔ የጠየቅሁት ስለ በሩ ነበር። እዚህ አገር መሐንዲስን መዝግቦ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል እንጂ ማኅበር አይደለም። ተማሪ መማር ከፈለገ ቅዳሜ ሳይት መጥቶ ፌሮ ሲታሰር ይመልከት፣ ፌሮውን ዙሪያውን የሚይዘውን የስታፋ ብረት ርቀት በሜትር ይለካ።

ተማሪዋ፦ መጥተን ነበር። ከዚሁ አካባቢ ካለ አንድ ሳይት ጥበቃው ከቆርቆሮው አጥር ሳያሳልፈን መለሰን፤ ኃላፊው ብቅ ብለው «ማን ልኳችሁ ነው?» ከማለት በቀር ያሉን ነገር የለም። በቅርንጫፍ በኩል ብንሄድ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ሄልሜትና ስለ እኛ የሚጠየቅ ሰው ይኖረን ነበር። በር ያልሁትም ይህንኑ ነው።

መሐንዲሱ፦ የሥራ በር ብለሽ ጀምረሽ የአጥር በር ላይ ደረስሽ፤ መልካም። ነገር ግን ከባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ላይ አንድ ተማሪ ቢወድቅ ፖሊስ ጣቢያ የምጠራው እኔ እንጂ ማኅበርሽ አይደለም። በደብዳቤ ከመጣችሁ ጥቂት ሆናችሁ፣ ያውም ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ኮንክሪት በማይሞላበት ቀን ትገባላችሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።

ተማሪዋ፦ ደብዳቤውን ከተቀበሉ ስለ ማኅበሩ የሚያከራክረን ብዙም አልቀረም። ነገር ግን ሙሌት በሌለበት ቀን ስላምፕ ቴስት አይሠራም፤ ታዲያ ለቅጥር ስንመጣ የሚጠይቁንን የት እንድንማረው ነው?