የታከሙት ልጆቻችን የት ደረሱ?

አንጀቱ ከሆዱ ውጭ ሆኖ የሚወለድ ሕጻን አለ። ገና በማህፀን ሳለ የሆዱ ግድግዳ እምብርቱ አጠገብ ሳይገጥም ይቀርና አንጀቱ ያለ ምንም ሽፋን ወደ ውጭ ይወጣል። ሐኪሞች ጋስትሮስኪሲስ ይሉታል። ወላጅ ሲያየው ክው ይላል። ግን የሚድን ነገር ነው። ሀብታም በሚባሉት አገሮች እንዲህ ሆኖ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከሆድና ከአንጀት ጋር የተያያዘ የአፈጣጠር ችግር ይዘው የተወለዱ 3,849 ልጆችን በ74 አገሮች፣ በ264 ሆስፒታሎች ተከታትሏል። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ጋስትሮስኪሲስ ከነበረባቸው 139 ሕጻናት የሞቱት 2 ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ ከ10 ሕጻናት 9ኙ ሞተዋል።

ይህን የሚሰማ ሰው የሚደነግጠው በ9ኙ ነው። ቢደነግጥም እውነቱን ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ 10 የሚለው ቁጥር ነው። ከ3,849ኙ ልጆች ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች የመጡት በጠቅላላው 93 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ልጆቹ በብዛት የሚሞቱት እኛ ዘንድ ነው፤ የሚቆጠሩትና የሚጻፍላቸው ግን ሌላ ቦታ ነው። አጥኚዎቹን አልወቅስም፤ በሩን ክፍት አድርገው ነበር። ገብቶ ለመቆጠር ግን መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡን የሚሞላ ሰውም ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። የሕጻናት ቀዶ ሕክምናችን የራሱን ውጤት መቁጠርና ማጥናት አለበት። ጥናት ገንዘብና ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ቅንጦት ተደርጎ መታየቱ ይብቃ። የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

ለምን የሌላውን ጥናት ወስደን አንጠቀምም የሚል ይኖራል። እንጠቀማለን። ግን ወደዚያው ሕጻን እንመለስና እንየው። ለንደን ቢሆን ችግሩ በእርግዝና ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታወቃል። እናቲቱ ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ትወልዳለች። አንጀቱ ወዲያው ንጹሕ በሆነ የሲሊኮን ከረጢት ይሸፈናል። ከረጢቱ ከልጁ በላይ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠልና በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሆዱ ይገፋል። አንጀቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ልጁ በደም ሥር ይመገባል። የእኛው ልጅ ጤና ጣቢያ ወይም ቤት ይወለዳል። አንጀቱ በነጠላ ይጠቀለላል። ሪፈር ይጻፍለትና በተገኘው መኪና ጉዞ ይጀምራል። ሆስፒታል ሲደርስ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ፈሳሹ አልቋል፣ አንጀቱ አብጧል። በደም ሥር የሚሰጠው ምግብም እንደ ልብ አይገኝም።

መመሪያው የተጻፈው ለመጀመሪያው ልጅ ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። መንገድ ላይ በምን ይሙቅ? አንጀቱ በምን ይሸፈን? የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ በመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ምን ታድርግ? እነዚህን ለንደን ያለ ሐኪም አይጠይቃቸውም፤ አያጋጥሙትማ። በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ የሚገኘው የሙላጎ ሆስፒታል ሐኪሞች መጀመሪያ ያደረጉት መቁጠር ነበር። ከመቶው 98ቱ ይሞቱ ነበር። ሳይደብቁ ጽፈው አወጡት። ከዚያ በቅርብ በሚገኝ ርካሽ ዕቃ፣ በነርሶችና በእናቶች ተሳትፎ የሚሠራ አሠራር ዘረጉ። ሞቱ ቀነሰ። ያንን የመጀመሪያ ቁጥር ባያወጡ ኖሮ መቀነሱንም አያውቁትም ነበር።

ከዚያው አገር ሌላ ታሪክ ልጨምር። በዚህ ጉዳይ ከማውቀው ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው።

ምባሌ በምሥራቅ ኡጋንዳ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ኪዩር የሚባል የሕጻናት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኡጋንዳ ሄደ። ብዙ እናቶች ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸውን ሕጻናት ታቅፈው ይመጡ ነበር። ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ነው። አብዛኞቹ ላይ ችግሩ የመጣው ገና በጨቅላነታቸው ከያዛቸው ኢንፌክሽን ነበር።

የተለመደው ሕክምና ሻንት ነው። ከጭንቅላት ተነስቶ በቆዳ ሥር እስከ ሆድ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ትርፉን ፈሳሽ ያወርዳል። ጥሩ ሕክምና ነው። ችግሩ ቱቦው ይዘጋል፤ አንዳንዴም ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ሲዘጋ ልጁ በቶሎ ቀዶ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። ቤቷ ሆስፒታል አጠገብ ለሆነ እናት ይሄ ጭንቀት ነው። መኪና መንገድ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ለምትጓዝ እናት ግን ልጇን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ዋርፍና ባልደረቦቹ ቱቦ የማያስፈልገው መንገድ ፈለጉ። ኢንዶስኮፕ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ገብተው ፈሳሹ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታሉ። ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ ደግሞ ይተኩሱታል። ብዙ ልጆችን በዚህ አከሙ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ዘዴው አለ፤ ስሙ ወጥቷል፤ ሌላ አገር ያሉ ሐኪሞችም ሊማሩት ጀምረዋል።

አላቆሙም። ሌሎች አጥኚዎች ጨምረው፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ችግሩ የመጣባቸውን 100 ሕጻናት በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን ሻንት፣ ሌላው ወገን አዲሱን ዘዴ አገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጣ። ከ12 ወር በኋላ በአእምሮ እድገታቸው ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። አዲሱ ዘዴ አልበለጠም፤ እንደሚያንስም አልታየም። ዘዴውን ያመጡት ሰዎች ራሳቸው ይህን ማተማቸው ትልቅ ነገር ነው። እናቲቱ ሩቅ ከሆነች፣ ቱቦ የሌለው መንገድ ተመጣጣኝ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ብዙ ይቀይራል። ሌላም ነገር ታየ። የሁለቱም ወገን ልጆች እድገት ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህ ዓይን ወደ ኢንፌክሽኑ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2020 አጥኚዎች በኡጋንዳ ሕጻናት የጭንቅላት ፈሳሽ ውስጥ ማንም ያልጠረጠረውን ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ጻፉ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተነሳ ጥያቄ ወደ መከላከል አደረሰ።

የእኛም ሆስፒታሎች እነዚህን ልጆች በየቀኑ ያያሉ። የአከርካሪ ክፍተት ይዘው የሚወለዱትንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይሄ ችግር ከዚህ በፊት በደረሰባቸው እናቶች ላይ እንደገና እንዳይደርስ ከመቶ 72 ያህል እንደሚከላከል አሳየ። ዛሬ እኛም አገር የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ሠራ ወይስ አልሠራ የምናውቀው በየዓመቱ የሚወለዱትን ልጆች ስንቆጥር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «ልጄን መሞከሪያ ልታደርጉት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ጥናት የሚል ቃል ሲነሳ ብዙ ወላጅ ይጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ ባለማወቅ የመጣ አድርጎ ማጣጣል ነውር ነው። ልጅ ለራሱ እምቢ ማለት አይችልም። በሕክምና ታሪክ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው ተሞክሮባቸዋል፤ ሕጻናትም ጭምር። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

ግን ደግሞ ሌላኛውን ወገን እንይ። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ባደጉት አገሮች ሳይቀር ጨቅላ ሕጻናት ሕመም አይሰማቸውም ወይም ጠንካራ ማደንዘዣ አይችሉም ይባል ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ሰውነታቸው እንዳይንቀሳቀስ በሚያደርግ መድኃኒትና በጣም በቀላል ማደንዘዣ ብቻ ይቀደዱ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ማንም ስላልለካው ነው። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ የልብ አጠገብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሕጻናት አወዳደሩ። ፌንታኒል የተባለው የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ልጆች ሰውነታቸው የደረሰበት ጭንቀት በጣም ያነሰ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የተሻለ ሆኑ። ያ ጥናት የሕጻናትን ማደንዘዣ ቀየረ። ከዚያ በፊት የነበሩት ልጆች የተጎዱት ጥናት ስላልነበረ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ወላጅን እንዴት እናነጋግር ነው። በዋርድ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ነው፤ ልጁ ጠዋት ይገባል። ሬዚደንቱን፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለውን ሐኪም፣ ሌሎች ስድስት ሕሙማን ይጠብቁታል። ወረቀቱን ያወጣል።

«እናት፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ምን ይላል ዶክተር?»

«ለኦፕራሲዮኑ ነው።»

«አባቱ ሳይሰማ?»

«ይደውሉለታ።»

ይሄ ፈቃድ አይደለም። ለሕክምና የሚፈረመውና ለጥናት የሚፈረመው በአንድ ትንፋሽ መቅረብ የለባቸውም። የጥናቱን ነገር ልጁን የማያክም ሰው፣ በቀን፣ እናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ ቢነግራት ነው የሚሻለው። አፋን ኦሮሞም ይሁን ሶማሊኛ። አባቱ በስልክ ይስማ፤ አያትም ካለች ትስማ። እምቢ ብትል አልጋውንም ሐኪሙንም እንደማታጣ በግልጽ ይነገራት። እንዲህ ተከብሮ የተጠየቀ ወላጅ ብዙ ጊዜ «የሌላ ሰው ልጅ ይጠቀም» ብሎ ይስማማል።

ሌላው እንቅፋት ካርድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። አንድ ሬዚደንት ለመመረቂያ ጥናቱ ያለፉትን አምስት ዓመታት ካርድ ለማውጣት ይገባል። ከፊሉ አይገኝም። ከተገኘው ላይ ክብደት አልተጻፈም፤ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደደረሰ አልተጻፈም። መጨረሻ ላይ «ተሽሎት ወጣ» የምትል አንድ መስመር አለች። ከዚያ በኋላስ? ቁስሉ አመርቅዞ ሌላ ሆስፒታል ሄደ? ሞተ? ትምህርት ቤት ገባ? ካርዱ ላይ ያለው ስልክ አዲስ አበባ ያሳረፋቸው ዘመድ ቁጥር ነው፤ እሱም አይሠራም። ልጁ ቀጠሮው ላይ ካልመጣ ድኗል ተብሎ ይገመታል። ስላልመጡት ልጆች ምንም ሳናውቅ ስለ ውጤታችን መናገር አንችልም።

ይሄን ለማስተካከል ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ልጁ ሲገባ ሁለት ስልክ ይጻፍ፤ አንዱ የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሁን። ክብደቱ፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ሲደርስ የነበረው የሰውነት ሙቀት በአንድ ገጽ ይሞላ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ30ኛው ቀን ይደወል። ለካርድና ለነርሷ ሰዓት የሚሆን በጀት ያስፈልጋል፤ እሱን ሆስፒታሉ መያዝ አለበት። የሬዚደንት ጥናትም የተበታተነ ካርድ መልቀም ሆኖ እንዳይቀር ዛሬ በሚሞላው መዝገብ ላይ ይመሥረት።

ርካሽ ጥናት ትልቅ መልስ ይሰጣል። ቤኒን፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባሉ 81 ሆስፒታሎች የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ13,000 በላይ ሰዎች፣ ሕጻናት ጭምር፣ የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። የተፈተነው ነገር አንድ ነው። ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ በንጹሕ ቢቀየር የቁስል ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ? ቀነሰ፤ ከመቶ 18.9 ወደ 16 ወረደ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ውጭ ላላችሁ ወገኖቻችንም የምለው አለ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሐኪሞች እየመጡ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ልጆችን በነጻ በቀዶ ሕክምና ያክማሉ። የፈቃድ ቀናቸውን ሰጥተው፣ ዕቃ በሻንጣ ተሸክመው ነው የሚመጡት። እግዜር ይስጣቸው። ግን ሲመለሱ የሚነገረን ስንት ልጅ እንደተቀደደ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ ደህና እንደሆነ አይነገረንም። ቡድኑ ከሄደ በኋላ ቁስሉ የከፋበት ልጅ የሚወድቀው እዚህ ባለው ሬዚደንት እጅ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ምን እንደተሠራ የሚያይበት ወረቀት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ስታሰባስቡ የአንዲት ነርስ የዓመት ደመወዝ ጨምሩበት። ሥራዋ የተቀደዱትን ልጆች በስም መዝግቦ መደወል፣ የጠፉትን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ማፈላለግ ይሁን። መዝገቡም እዚሁ፣ ልጆቹ በታከሙበት ሆስፒታል ይቅር።