«መለኪያ፦ በቁጥር» የሚል የእንጀራ ጨረታ ይብቃን!

ኧረ በሕግ! ዛሬም የዩኒቨርሲቲ ወይ የሆስፒታል የእንጀራ አቅርቦት ጨረታ ሰነድ ስትገልጡ ብዙ ጊዜ የምታገኙት «እንጀራ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ መለኪያ በቁጥር» የሚል ነው። ስንት ግራም? ንጹሕ ጤፍ ነው ድብልቅ? ዝም! ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ የሞላ ያሸንፋል።

እስቲ እናስላው። አንዱ ተጫራች 350 ግራም እንጀራ በ20 ብር፣ ሌላው 280 ግራም በ18 ብር ቢያቀርቡ አሸናፊው ባለ 18ቱ ነው። በኪሎ ሲመታ ግን የመጀመሪያው 57 ብር ገደማ፣ «ርካሹ» 64 ብር ከምናምን ይመጣል። መንግሥት በውድ ገዛ፣ ተማሪው በእያንዳንዱ እንጀራ 70 ግራም ተቀነሰበት። በቀን 10,000 እንጀራ በሚገባበት ግቢ ይኼ 7 ኩንታል ነው። በየቀኑ!

ድብልቁም ያው ነው። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ጠዋት ርክክብ ላይ ነጭ ነው፣ ያምራል። ማታ ደርቆ ይሰባበራል፤ ያኔ ተረካቢው ቤቱ ገብቷል።

«ናሙና ገብቷል እኮ» ይባላል። እንጀራ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ ውል እስኪፈረም የታል ናሙናው? በቀረበበት ዕለት ቀዝቅዞ ይመዘን፣ ስፋቱ ይለካ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርና የውሉ አካል ይሁን። ትኩሱን መመዘን ጭቅጭቅ መግዛት ነው፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። ርክክብ ላይም ከላይ ያለውን አንድ እንጀራ ብቻ ማንሳት ዋጋ የለውም፤ ከታችም ከመሃልም አሥር አሥር አውጥቶ አማካዩን መያዝ ነው።

አቅራቢውንም እንረዳው። ዓመቱን ሙሉ በማይነቃነቅ ዋጋ ፈርሟል። ክረምት ላይ ጤፍ ሲወደድ ቢያቋርጥ የውል ማስከበሪያው (ውሉን ለመፈጸም በዋስትና ያስያዘው ገንዘብ) ይወረሳል፣ ቢቀጥል ይከስራል። ውሉ ላይ ግራም ከሌለ መውጫው ግልጽ ነው፤ እንጀራውን ማሳሳት። ስለዚህ ተጫራቾች፣ ሰነዱ ላይ ግራም ካላያችሁ ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት የማብራሪያ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ። «እንደተለመደው ነው» የሚል የቃል መልስ ነገ ክርክር ሲመጣ አያድናችሁም።

የግዥ ክፍሎች፣ የምንለምናችሁ አንድ መስመር ነው፦ «የጤፍ እንጀራ፣ ድብልቅ የሌለው፣ ቀዝቅዞ ሲመዘን ከ350 ግራም ያላነሰ፣ ዋጋ በኪሎ።» ግራሙን እንደ በጀታችሁ ቀይሩት፤ ብቻ ጻፉት!