አቦሉን ደፋህ ተብዬ የተከሰስኩበት ሻይ

ኧረ ሰው ይፍረደኝ! ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሲኒ ሻይ በሰላም መጠጣት ይሄን ያህል ሙግት አለው?

ቻይና ተምሮ የመጣ ጓደኛዬ አንድ ድፍን ፑኧር ሰጠኝ። ከዩናን ግዛት የሚመጣ ሻይ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ለስልሶ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ይጠቀጠቃል። ድፍኑ 357 ግራም ነው። የኔው ጥሬው ዓይነት ነው፣ ሼንግ የሚሉት። ገና 2 ዓመቱ ነው። ዓመታት በተቀመጠ ቁጥር ይለሰልሳል። በልጅነቱ ግን ጉሽ ጠላ በሉት።

መጀመሪያ ቀን እንደለመድኩት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሬ አንተከተክሁት። ኮሶ! ምላሴ ተሸበሸበ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አምናለሁ። ይሄ ሻይ አይንተከተክም። 5 ግራም ቅጠል፣ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲያው መቅዳት ነው።

5 ግራም በምን ይለካል? ወርቅ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ቅጠሉን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ። «ሻይ ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። አላመነኝም።

ድፍኑን ለመፈርፈር ደግሞ የእማን ወስፌ ወሰድኩ። ጫፉን ሰበርኩት። ስለዚህ ጉዳይ ባንነጋገር ይሻላል።

ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለልጅ ሼንግ ይሄ ጥሩ ነው፣ በጣም የጋለ ውሃ ምሬቱን ያወጣዋል። ተራራው አድልቶልኛል። መብራቱ ግን አላደላልኝም። ውሃው ሊፈላ ሲል ድርግም! ከሰል አያያዝኩ። ውሃውን ጨምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ስጀምር በር ይንኳኳል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ እንግዳን «ቆይ እየቆጠርኩ ነው» አይሉትም። ትነሳለህ፣ ትሳለማለህ፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ትጠይቃለህ። ስትመለስ ሻዩ ሬት ሆኗል።

የእማ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉን ማጠቢያና መቀስቀሻ ነው፣ ይደፋል። ስደፋ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ አቦሉን ደፋኸው?»

«እማ፣ የዚህ የመጀመሪያው አይጠጣም።»

«የማይጠጣ ከሆነ ለምን ታፈላዋለህ?»

ምን ይመለሳል? ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል። ይሄ ግን በአንድ ቅጠል ስምንቴም አሥሬም ይቀዳል። ስምንተኛውን ስሰጣት ሲኒውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና «እጣቢ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳክቶልኛል። እሑድ ጠዋት ነበር፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ። ስምንት ሰከንድ ቆጠርኩ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወርቅማ። መጀመሪያ መረረኝ፣ እንደ ጌሾ። ከዚያ ምሬቱ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ዞረ። ጣፈጠ! ስኳር ሳይገባበት። ወለላ ማር ተልሶ ሲያበቃ አፍ ውስጥ የሚቀረው ዓይነት ነገር። እዚያው በርጩማዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያችን ሲኒ ነው እስካሁን የማሳድዳት። (በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውዬ በባዶ ሆዴ ሞክሬው ጨጓራዬ ያሳየኝን አልነግራችሁም።)

ባለፈው የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ከሥራ ስመለስ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ እና የኔ ፑኧር! ግማሹ! «ሻይ ቅጠል አልቆብኝ ነው» አለች እማ፣ ምንም ሳይመስላት። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ያስቀመጠችውም ከበርበሬው ጎን ነበር። ሽታ የሚስብ ቅጠል!

የነፍስ አባታችን ፉት አሉና ፊታቸው ተጨማደደ። «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ለምን ለምን ይሆናል?»

እማ ሳታቅማማ «ለሆድ ነው አባ» አለቻቸው።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ እኛ ቤት ነው። «ትንሽ ቆርሰህ ስጠኝ» የማይለኝ ሰው የለም። የተረፈውን በወረቀት ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ቁልፉ እማ ጋ ነው።