ማስተካከያ፦ ለአዲስ ነርሶች ቃለ መጠይቅ በሰጠሁት ምክር ላይ

ባለፈው ለአዲስ ተመራቂ ነርሶች ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ። ይቅርታ እየጠየቅኩ ላስተካክል።

የመጀመሪያው ከበድ ይላል። “የታካሚው ሁኔታ በድንገት ቢባባስ ምን ታደርጋላችሁ?” ለሚለው ጥያቄ “ወዲያው ሐኪም እጠራለሁ” በሉ ብዬ ነበር። ይህ መልስ ጎዶሎ ነው። ጠያቂዎቹ መስማት የሚፈልጉት ሐኪሙ እስኪደርስ ምን እንደምትሠሩ ነው። ከታካሚው ሳትርቁ ለእርዳታ ተጣሩ። ጎን ለጎን መጀመሪያ የአየር መተላለፊያውን፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱን፣ ከዚያ የደም ዝውውሩን፣ ከዚያ ንቃቱን ፈትሹ። ያገኛችሁትን ችግር እዚያው ማከም ጀምሩ። ለሐኪሙ ስትነግሩ ደግሞ ኤስባር የሚባለውን ቅደም ተከተል ተጠቀሙ፦ አሁን የተፈጠረው ነገር፣ የታካሚው የኋላ ታሪክ፣ የእናንተ ግምገማ፣ እንዲደረግ የምትፈልጉት። “ትንፋሽ አጥሮታል” ብቻ አትበሉ። “በደቂቃ 32 ጊዜ ይተነፍሳል፣ የደሙ ኦክስጅን 86 በመቶ ነው” ስትሉ ሐኪሙ ባለበት ሆኖ ጉዳዩ ምን ያህል አስቸኳይ እንደሆነ ይገባዋል። በቃለ መጠይቁም እንዲህ ያለ ምሳሌ ስጡ።

ሁለተኛው የቁጥር ስህተት ነው። ጤናማ አዋቂ ሰው በእረፍት ላይ እያለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። “ከ16 እስከ 24” ያልኩት ልክ አይደለም።

ስለ መድኃኒት መጠን የጻፍኩት ግን እንዳለ ነው። ያላወቃችሁትን አትገምቱ። “መመሪያውን አይቼ፣ ከባልደረባ ጋር አረጋግጬ እሰጣለሁ” በሉ።